200 ሰዓት ያሟሸሁት ኢርፎን

ውድ ኢርፎን ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔን የሚያስጠነቅቀኝ ሰው አላገኘሁም። ያገኘሁት "ትንሽ ይታገሡ" የሚል ሰው ነው፤ ያ ትዕግሥት የ900 ዩሮ ኢርፎን በጊዜው እንዳልመልስ አደረገኝ።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ለሥራ በየቀኑ 50 ደቂቃ በባቡር እሄዳለሁ፣ ያንኑ ያህል እመለሳለሁ። ለአራት ዓመት በ60 ዩሮ ኢርፎን ዘፈኑንም፣ መዝሙሩንም፣ ትረካውንም ሳዳምጥ ኖሬያለሁ፤ ምንም የጎደለኝ አልነበረም። ከዚያ ስለ ውድ ኢርፎኖች የሚጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ወር አጠራቀምኩ፣ በኢንተርኔት አዘዝኩ፣ ሰኞ ዕለት ደረሰኝ።

የመጀመሪያዋ ማታ የደስታ ማታ ነበረች። የስልኬን ድምፅ ከነበረበት ሳልነካው አንዴ አሮጌውን፣ አንዴ አዲሱን እየሰካሁ የበገና ቅጂ አዳመጥኩ። በአዲሱ ሳዳምጥ መጋረጃ የተገለጠ መሰለኝ። እንዚራዋ፣ ያቺ ከአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ አውታሩን ስታስነዝረው የሚወጣው ዝዝታ አንድ በአንድ ይለያል። ባለቤቴን ጠርቼ "ስሚው እስቲ" አልኳት። ሰማችውና "ጥሩ ነው" ብላ ሄደች። ቅር አለኝ፤ እንዴት አልታወቃትም ብዬ።

በማግሥቱ አንድ ጓደኛዬ መጣ። ሠርግ ላይም ቤተ ክርስቲያንም ሳውንድ የሚሠራ ልጅ ነው። የጆሮን ቀዳዳ የሚመስል ትንሽ ቱቦ ያለው መለኪያ ማይክ አለውና "እስቲ እኔም ልየው" ብሎ ኢርፎኑን ለካው፤ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ እያንዳንዱ ድምፅ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚያሳየውን ግራፍ ላፕቶፑ ላይ አስቀመጠው። እኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ያቺ ግራፍ ናት በኋላ እውነቱን ያወጣችው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ይወጋኝ ጀመር። ዘፋኟ "ሽ" ወይም "ጽ" ያለበት ቃል ላይ በደረሰች ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ መርፌ እንደገባ ያህል ነው። ባቡር ውስጥ ሁለቴ አወለቅኩት። ለሻጩ ድርጅት ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ ውስጡ ያለው፣ እየተርገበገበ ድምፁን የሚያወጣው ስስ ሽፋን ገና ግትር ነው፤ ቢያንስ 200 ሰዓት መጫወት አለበት፤ እስከዚያ ባይፈርዱበት ይመረጣል።

አመንኩ። ለምን እንዳመንኩም አውቃለሁ። እናቴ አዲስ ምጣድ ስትገዛ በጎመን ዘር ሳታሟሸው ሊጥ አታፈስበትም ነበር፤ ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል። አዲስ ዕቃ መሟሸት አለበት ቢሉኝ ምኑ ይገርመኛል? ከልጅነቴ የማውቀው ነገር ነው። ማታ ማታ ስምንት ስምንት ሰዓት ላጫውተው አሰብኩ፤ 200 ለስምንት ሲካፈል 25 ሌሊት ይሆናል። በካልሲ ጠቅልዬ ኮሞዲኖ መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ፣ ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቼ፣ እያጫወትኩት እተኛ ነበር። ቀን ቀን ደግሞ በባቡር ራሴ አዳምጠዋለሁ።

እዚህ ጀርመን በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ይቻላል። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ አላሳብብም፤ አውቅ ነበር። በዘጠነኛው ቀን "14 ቀኑ እየደረሰ ነው፣ ማሟሸቱ ግን አላለቀም፤ ምን ላድርግ?" ብዬ ጻፍኩላቸው። "አይጨነቁ፤ አብዛኞቹ ደንበኞቻችን ከ200 ሰዓት በኋላ በጣም ይደሰታሉ" አሉኝ። ደብዳቤውን አሁን መልሼ ሳነበው ደሜ ይፈላል። እንመልስልዎታለን አይልም፣ አንመልስም አይልም። እኔ ግን "አይጨነቁ" የሚለውን እንደ ቃል ኪዳን ይዤ ተቀመጥኩ። ያኔ አንድ መስመር ጨምሬ "ከ14 ቀን በኋላም ትቀበሉኛላችሁ ወይ? በጽሑፍ አረጋግጡልኝ" ብል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

25ኛው ሌሊት አለፈ። ጠዋት ባቡር ውስጥ ያቺኑ ዘፈን ከፈትኩ፤ "ሽ" አይወጋም! ለስልሷል። በጣም ደስ አለኝ፣ እዚያው ባቡር ውስጥ ለሻጩ የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ ደብዳቤ ነው።

ቅዳሜ ጓደኛዬ ሲመጣ "ተሟሽቶ አለቀ፣ ስማው" አልኩት። አልሰማውም። መለኪያውን አወጣና እንደገና ለካው፤ አዲሱን ግራፍ በአሮጌው ላይ ደረበው። ሁለቱ መስመሮች አንድ መስመር ሆኑ። ቀጭኑ ድምፅ ላይ፣ ወደ 8,000 ሄርዝ (በሰከንድ 8,000 ንዝረት) አካባቢ ብቻ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ነበር፤ ጓደኛዬ ኢርፎኑን አውጥቶ መልሶ ሲሰካው ወደ ሌላው ወገን ፈቀቅ አለ። የአሰካክ ጉዳይ ነው ማለት ነው።

"ታዲያ ምኑ ነው የተለወጠው?" አልኩት።

"አንተ ነሃ" አለኝ።

ለሁለት ቀን አላመንኩትም። አሮጌውን የ60 ዩሮ ኢርፎኔን አውጥቼ ባዳምጠው በብርድ ልብስ ውስጥ የሚዘፈን ይመስላል፤ "ይኸው፣ ልዩነቱ ይሄ ነው" አልኩ። ግን እልህ ይዞኝ ሁለት ቀን በእሱ ብቻ አዳመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብሱ ተገፈፈ። እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ይሰማል። የ900 ዩሮውን መልሼ ብሰካው ደግሞ ያ መርፌ እንደገና መጣ። ግትር ነው ያሉት ሽፋን 200 ሰዓት ተጫውቶ፣ ሁለት ቀን ስላረፈ ተመልሶ ግትር ሊሆን አይችልም። የተሟሸው አንጎሌ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ ያለብኝን ያነበብኩት። በ1998 የሆላንድ ተመራማሪዎች ሰዎችን የጆሯቸውን ቅርጽ የሚለውጥ ነገር ጆሯቸው ውስጥ አስገብተውላቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ ድምፅ ከላይ ይምጣ ከታች መለየት አቃታቸው። በሳምንታት ውስጥ ግን በአዲሱ ጆሮ መስማትን ለመዱ፤ ሲወጣላቸውም በአሮጌው ጆሯቸው ወዲያውኑ በደንብ ሰሙ። አንጎል አዲሱን ሲማር አሮጌውን አልረሳም። እኔ ላይ የሆነው የዚያ ዘመድ ነው። የእያንዳንዳችን የጆሮ ቀዳዳ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚረዝም ቱቦ ስለሆነ በ3,000 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላዋል፤ ይህን ጉላት አንጎላችን ከልጅነት ጀምሮ ስለለመደው አናስተውለውም። በየቀኑ አንድ ኢርፎን ስንሰካም የዚያን ኢርፎን ጠባይ እንደዚሁ ይለምደዋል። ስለዚህ "200 ሰዓት ታገሥ" ያለ ሰው "እስክትለምደው ታገሥ" ነው ያለው፤ እስክትለምደው ድረስ ደግሞ የመመለሻው ቀን ያልፋል።

ለሻጩ ጻፍኩ። ሦስት መስመር መለሱልኝ። አንደኛ 14 ቀኑ አልፏል። ሁለተኛ ዕቃው ከ200 ሰዓት በላይ አገልግሏል። ሦስተኛ እርስዎ ራስዎ መደሰትዎን ጽፈውልናል። አጫውተው ያሉኝን 200 ሰዓት ጥፋት አድርገው ቆጠሩብኝ። ሕጉ ከእነሱ ጋር እንደነበር አውቃለሁ፤ ንዴቴ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም።

ከዚያ የመጀመሪያዋ ማታ ነገር አሳሰበኝ። ያ መጋረጃ መገለጥ ምን ነበር? ጓደኛዬ በስልኬ በዚያው የድምፅ መጠን ሁለቱንም ለካቸው፤ ውዱ በሦስት ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) ያህል ይበልጥ ይጮኻል። በቃ፣ ይኸው ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ቤተ ሙከራ ሰዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ ከመካከለኛው ድምፅ ይበልጥ ይጥለዋል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ቤዙ ፈጥኖ ይመጣል። ስለዚህ ትንሽ የጮኸው ሁሌ ሙሉ መስሎ ይሰማል። ልዩነቱ ጥቂት ሲሆን ሰው "ጮኸ" አይልም፤ "ጠራ" ነው የሚለው። እኔም ያልኩት ያንኑ ነው።

እኩል አድርገን ዓይኔን ሸፍኜ ለመሞከር ወሰንኩ። በመጀመሪያ ባለቤቴ እያቀያየረች ልትሰካልኝ ሞከረች፤ አልሆነም። ውዱ ብረት ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፤ ገና ጆሮዬን ሲነካው አውቀዋለሁ፣ ካወቅኩ ደግሞ የምሰማው ዋጋውን ነው። ስለዚህ ውዱን ብቻ ሰክቼ፣ ጓደኛዬ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርግ የኮምፒውተር ኢኳላይዘር የርካሹን ቃና አወጣለት፤ የሁለቱን ጩኸት እኩል አደረገ። ባለቤቴ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ፎጣ ዓይኔ ላይ አሰርኩ። ልዩነት መኖሩን ለማወቅ 16 ጊዜ ሞከርን፣ 16ቱንም አወቅኩ። ልዩነት አለ፤ የለም የሚሉትም ተሳስተዋል። ቀጥሎ "የትኛው ይሻልሃል?" ብላ 16 ጊዜ ጠየቀችኝ። በአራተኛው ላይ "ይሄ ነው፣ የ900ው ይሄ ነው" ብዬ ጮኼ ነበር። የ60ው ቃና ነበር። ከ16ቱ 11ዱን የመረጥኩት ርካሹን ነው። እርግጥ ኢኳላይዘር የአንዱን ኢርፎን ሁሉን ነገር ወደ ሌላው አያዞርም፤ የወጋኝ ግን ቃናው ስለነበር ለእኔ ጥያቄ በቂ ነበር።

በኋላ እንዳየሁት በ2017 የታተመ አንድ ጥናት የ283 ማዳመጫዎችን ልኬት ከዋጋቸው ጋር አስተያይቶ፣ በዋጋና በድምፅ ቃና መካከል ዝምድና አላገኘም። ይህን ከመግዛቴ በፊት አንብቤው ቢሆን!

አሁን ብትጠይቁኝ የምለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የኢርፎኑን ጫፍ ጎማ አስተካክሉ። የእኔ ግራ ጆሮ ትልቁን ጎማ፣ ቀኙ መካከለኛውን ነው የሚወስደው፤ ሁለቱም አንድ መሆን አለባቸው ያለ የለም። ጎማው በደንብ ካልገጠመ ቤዙ ይፈስሳል፣ ስለ ኢርፎኑ የምትሉት ሁሉ ከንቱ ነው። በደንብ ከገጠመ ደግሞ የባቡሩን ጩኸት ስለሚያስቀር ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ታዳምጣላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ሦስት ዴሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ለዚህ ስል ከከፈልኩ አይቆጨኝም።

መሞከሪያ ላይ ከሚመከረው እለያለሁ። ጥራቱ እጅግ ከፍ ያለ ቅጂ ፈልጉ ይላሉ። እኔ የምሞክረው እናቴ በቴሌግራም በምትልክልኝ የድምፅ መልእክት ነው። ቅጂው ደካማ ነው፤ ግን ያንን ድምፅ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። እናቴ "ልጄ" ስትል አፍንጫዋ የተዘጋ ከመሰለ ኢርፎኑ አይሆነኝም። በገና ለትሬብል፣ ለቀጭኑ ድምፅ፣ ጥሩ ነው፣ ለቤዝ ግን አትመኑት። የድሮው ስልክ ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን ሁሉ ይቆርጥ ነበር፤ የአባቴ ድምፅ መሠረት፣ ድምፁን ወፍራም የሚያደርገው ክፍል፣ ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ሆኖም ሲደውልልኝ የአባቴ ወፍራም ድምፅ ነበር የምሰማው፤ ከላይ ከቀረው ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት አንጎሌ ይሞላው ነበርና። በገናም በእንዚራው ምክንያት ከላይ ብዙ ድምፅ ስላለው፣ በትንሿ የስልክ ድምፅ ማጉያ እንኳ በገና ሆኖ ይሰማል። ቤዝ የሌለው ኢርፎንም በበገና ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል።

ይህን ሁሉ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ጨርሱ። በመጀመሪያው ሳምንት የወጋችሁ ነገር ካለ መልሱት፤ አሟሹት ለሚል አትስሙ።

ባለፈው ወር ኢርፎኑን ሸጥኩት። ሊገዛው የመጣው ወጣት በር ላይ ቆሞ የመጀመሪያ ጥያቄው "ተሟሽቷል?" የሚል ነበር። አስገብቼ ቡና አቀረብኩለት፤ ሁለቱን ግራፎች አሳየሁት፣ "ሽ" እንደሚወጋም ነገርኩት፣ በእኩል ድምፅ እንዲያነጻጽርም አሮጌውን ሰጠሁት። አንድ ሰዓት ያህል አዳመጠ። የእሱን ጆሮ አልወጋውም። የእሱ የጆሮ ቀዳዳ የእኔ አይደለም። 480 ዩሮ ቆጥሮ ሰጠኝ፤ ሣጥኑንና የጎማዎቹን ከረጢት ይዞ ሄደ።