ጠረጴዛችን እየጠበቀን ለምን እንሰለፋለን?

በሽርሽር መርከብ ላይ በየምሽቱ፣ ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ በዋናው የምግብ አዳራሽ በር ላይ የሚታይ አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲገርመኝ ኖሯል። የመጀመሪያውን የእራት ዙር የመረጡ መንገደኞች፣ የጠረጴዛቸው ቁጥር አስቀድሞ ተነግሯቸው፣ ወንበራቸው በስማቸው ተይዞ፣ ማንም እንደማይቀማቸው እያወቁ፣ በሩ ከመከፈቱ ሩብ ሰዓት አስቀድመው ይሰለፋሉ። ሰልፉ ከበሩ ተነሥቶ በደረጃው ጎን ያልፍና እስከ አሳንሰሮቹ ይደርሳል፤ ከአሳንሰሩ የሚወጣው ሰውም ሰልፉን ሲያይ አንዳች ነገር ሊያመልጠው የተቃረበ ይመስለውና ሳይጠይቅ ከኋላ ይቆማል። እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ ሳልጠይቅ ከቆሙት አንዱ ነበርኩ።

የዙር ሥርዓቱ የመጣው ከቦታ ጥበት ነው። በብዙ ትልልቅ መርከቦች ላይ ዋናው አዳራሽ፣ ሁለትና ሦስት ፎቅ ቢኖረው እንኳ፣ መንገደኛውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የማስቀመጥ አቅም የለውም። ስለዚህ መንገደኛው ለሁለት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ዙር ብዙውን ጊዜ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ወይም 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ። በመካከሉ ባለችው አጭር ጊዜ አስተናጋጆቹ ገበታውን አንሥተው፣ ጨርቁን ቀይረው፣ ብርጭቆውንና ሹካውን እንደገና ደርድረው መጨረስ አለባቸው። ይህም የዛሬ ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1912 በሰጠመችው ታይታኒክ ላይ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞች አዳራሹ ሁሉንም ስለማይዝ በየተራ ይመገቡ ነበር።

እንግዲህ በቋሚ ጠረጴዛ ሥርዓት ወንበር ለማግኘት ተብሎ የሚቆም ሰልፍ ትርጉም የለውም። ሰልፉን የሚፈጥረው የበሩ ጠባብነት ነው። ብዙ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ እራት እንዲበላ ሲነገረው፣ ሁሉም በተመሳሳይ አሥር ደቂቃ ውስጥ ከካቢኑ ይወጣል፣ አሳንሰሮቹ በየፎቁ እየቆሙ ይሞላሉ፣ በሩ ላይ ደግሞ እጅ የሚያጸዳ ፈሳሽ የያዘ ሠራተኛ እያንዳንዱን ሰው በፈገግታ ያስቆማል። የክት ልብስ በሚለበስበት ምሽት ፎቶ አንሺዎቹ መጋረጃቸውን እዚያው መተላለፊያ ላይ ስለሚዘረጉ፣ ከቤተሰቡ ጋር ለመነሣት የሚቆመው ሰው እና እራት የራበው ሰው አንድ ላይ ተቀላቅለው የትኛው ሰልፍ የየትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ይህ ሁሉ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተበትኖ ያልቃል። ሩብ ሰዓት ቆሞ የገባው እና ከተከፈተ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በደረጃ ወርዶ ዘው ያለው ሰው ምግባቸው የሚደርሳቸው ከሞላ ጎደል በእኩል ሰዓት ነው፤ አስተናጋጁ የጠረጴዛውን ትእዛዝ አሰባስቦ ወደ ወጥ ቤት የሚሄደው ሁሉም ተቀምጦ ሲያበቃ ነውና።

ይህን ስል ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ መምጣትን እየመከርኩ አይደለም። አንድ የአስተናጋጆች ጥንድ በአንድ ዙር በርካታ ጠረጴዛዎችን ስለሚይዝ፣ ሌሎቹ ዋናውን ምግብ ሲጀምሩ አንዱ ገና የመክፈቻውን ምግብ ቢጀምር የአካባቢው ሥራ ሁሉ ይዛባል፤ የሁለተኛው ዙር ሰዎችም በር ላይ እየጠበቁ ናቸው። አንዳንድ መርከቦች ዙሩ ከተጀመረ ጥቂት ቆይተው በሩን የሚዘጉት ለዚህ ነው።

በሁለተኛው ጉዞዬ፣ ከሰልፍ ልገላገል ብዬ፣ ቋሚ ጠረጴዛ የሌለበትን ምርጫ ወሰድኩ። ይህ ምርጫ በስፋት የታወቀው ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን እ.ኤ.አ. በ2000 «ፍሪስታይል» ብሎ በጠራው አሠራር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ኩባንያዎች በየራሳቸው ስም ተከትለውታል። ሐሳቡ ሲነገር ያማልላል፤ በፈለግህ ሰዓት ትመጣለህ፣ ከፈለግኸው ሰው ጋር ትቀመጣለህ። በተግባር ግን «በፈለግሁ ሰዓት» የሚለው ቃል ለሁሉም ሰው ያው ተመሳሳይ ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ መንገደኛው ሁሉ በአንድነት የፈለገው እራቱን ነበር። እኔና ባለቤቴ ለሁለት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ ስንጠይቅ፣ ተራችን ሲደርስ የሚንዘር አንድ ትንሽ መሣሪያ ተሰጥቶን አርባ ደቂቃ ያህል ስንንጎራደድ ቆየን፤ ከእኛ በኋላ የመጡ ሁለት ጥንዶች ግን ዓይናችን እያየ ገቡ።

ተናድጄ ጠየቅሁ፤ መልሱ ቀላል ነበር። እነዚያ ሰዎች ከማያውቁት ሰው ጋር ለመቀመጥ ፈቃደኞች ስለነበሩ፣ ስድስት ሰው በሚይዝ ጠረጴዛ ላይ የቀሩትን ወንበሮች ሞሉ። የሁለት ሰው ጠረጴዛ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለግ፣ በቁጥርም የማይበቃ ስለሆነ፣ ሰልፉ አንድ ቢመስልም በውስጡ እንደ ጠረጴዛው መጠን የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ብዙ ሰልፎች አሉ። በዚህ ሥርዓት የሚጠብቀው ሰው በእርግጥም ወንበር ነው የሚጠብቀው፤ የመጀመሪያው ዙር ሰልፍ ግን ገና በሩ ሳይከፈት ወንበር ያለው ሰው የሚቆመው ሰልፍ ነው። ዛሬ በብዙ መርከቦች ላይ በስልክ መተግበሪያ ሰዓት ማስያዝ ወይም ካቢን ውስጥ ሆኖ ተራ መያዝ ስለሚቻል ሕመሙ ቀንሷል፤ ሆኖም ሰዓት ያስያዘ ሰው ባስያዘው ሰዓት መገኘት ስላለበት፣ ነፃነት ተብሎ የተሸጠው ነገር ዞሮ ዞሮ ቋሚ ሰዓት ይሆናል፤ የሚጎድለው የሚያውቀው አስተናጋጅ ብቻ ነው።

ኩባንያዎቹ ራሳቸውም በዚህ ጉዳይ ሲያመነቱ ኖረዋል። ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ በጀመረችው ኳንተም ኦቭ ዘ ሲስ በተባለች መርከቡ ላይ አንዱን ትልቅ አዳራሽ ትቶ መንገደኛውን በበርካታ አነስተኛ ምግብ ቤቶች ለማከፋፈል ሞክሮ፣ ቅሬታ ሲበዛበት ብዙም ሳይቆይ ወደ ቀድሞው ዓይነት አሠራር ተመልሷል። የዲዝኒ መርከቦች መላ ለየት ያለ ነው፤ መንገደኛው በየምሽቱ አዳራሽ ይቀያይራል፣ አስተናጋጆቹ ግን አብረውት ይዞራሉ። እዚያም ቢሆን የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር አለ።

ጉዞ ስይዝ ከካቢኑ አይነት ይልቅ ስለ እራት ሰዓት የምጨነቀው፣ የእራት ሰዓት ሲመረጥ ምሽቱ በሙሉ አብሮ ስለሚመረጥ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሰው ሲበላ የሁለተኛው ዙር ሰው ቴአትር አዳራሽ ነው፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች የመጀመሪያውን ስለሚመርጡ ቶሎ የሚሞላውም እርሱ ነው፤ ሞልቶ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ የሚገባ ብዙ ነው። መርከቧ ወደብ ላይ በምትውልበት ቀን ግን የመጀመሪያው ዙር ዋጋ ያስከፍላል። መንገደኛው ተጠቃሎ እንዲገባ የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ 11 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ ቀኑን በእግሩ ሲዞር የዋለ ሰው ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ለ12 ሰዓት ለመድረስ መሮጥ አለበት። ከወደብ ስትወጣ ከላይኛው ወለል ቆሞ ከተማው ሲርቅ ማየት ደስ የሚለው ሰውም ያን ሰዓት በገበታ ላይ ያሳልፈዋል። ወደ ምሥራቅ በሚደረግ ረጅም ጉዞ ላይ ደግሞ ሰዓቱ ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ በተገፋበት ቀን የ12 ሰዓቱ እራት ለሆድ የ11 ሰዓት እራት ነው፤ ምሳው ገና ሳይወርድ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ የመጀመሪያውን ዙር የምመርጠው፣ በልቶ ወዲያው መተኛት ስለማይስማማኝ እና ከእራት በኋላ ያለው ሰፊ ምሽት ስለሚያጓጓኝ ነው።

ከሰዓቱ ቀጥሎ የጠረጴዛው ጉዳይ ይመጣል። ብዙ ሰው «መስኮት አጠገብ» ብሎ ይጠይቃል፤ ከጨለመ በኋላ መስኮቱ የራስን ፊት ከማሳየት ሌላ ጥቅም ስለሌለው፣ በመስኮቱ የሚጠቀመው፣ ያውም ጀምበር የምትጠልቅበት ሰዓት ከገጠመለት፣ የመጀመሪያው ዙር ሰው ነው። አዳራሹ በመርከቧ የኋላ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ በኋላው መስኮት በኩል የሚታየው ነጭ የውኃ ፈለግ እጅግ ያምራል፤ ከታች የሚሽከረከረው የመርከቧ መዘውር ግን ብርጭቆውን ሲያንቀጠቅጥ ይሰማል። ማዕበል የሚያጥወለውለው ሰው ወደ መርከቧ መካከል በተጠጋ፣ ዝቅ ባለ ወለል ላይ ያለ ጠረጴዛ ይሻለዋል፤ ጫፎቹ ከፍና ዝቅ ሲሉ መካከሉ ብዙም አይናወጥም። ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሳሕን ድምፅና የሚወዛወዝ በር አይለየውም፤ አስተናጋጆች ዕቃ በሚያስቀምጡበት ጠረጴዛ ጎን የተቀመጠውም እንዲሁ። የሁለት ሰው ጠረጴዛ የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጎረቤቱ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ስለሚሆን፣ ብቻውን ሊያወራ የመጣው ጥንድ የጎረቤቱን ወሬ ሲሰማ ያመሻል፤ ሳይተዋወቁ መደማመጥ፣ ተዋውቆ አብሮ ከመብላት ይልቅ ያደክማል።

ስለዚህ እኔ ስምንት ሰው የሚይዘውን ክብ ጠረጴዛ እጠይቃለሁ። ክብ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ጫፍና ጫፍ የተቀመጡት ሳይነጋገሩ ጉዞው ያልቃል። በጥንቱ ዘመን መርከቦች ላይ መንገደኛው ረጃጅም ገበታዎች ዙሪያ፣ ከወለሉ ጋር በተቸነከሩ ተሽከርካሪ ወንበሮች ላይ ተደርድሮ ይበላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1905 አገልግሎት የጀመረችው፣ «አሜሪካ» የተባለችው የጀርመን መርከብ፣ ሰው በፈለገው ሰዓት መጥቶ ከዝርዝር መርጦ የሚያዝበት ምግብ ቤት ስትከፍት ትልቅ ነገር ሆኖ ነበር። ለነገሩ «በፈለግህ ሰዓት» የሚለው ሐሳብም ያን ያህል አዲስ አይደለም።

ከማያውቁት ሰው ጋር መቀመጥ ዕድል መሞከር መሆኑን አልክድም። በአንድ ጉዞ ላይ የገጠመን ሰው እስካሁን የተሳፈረባቸውን መርከቦች ሁሉ እየቆጠረ ይህችኛዋ ከሁሉ የምታንስ መሆኗን በየምሽቱ ያስረዳን ነበር። በሦስተኛው ምሽት ጠረጴዛ ለመቀየር የአዳራሹን ኃላፊ ስጠይቅ፣ ትንሽ ዘግይተሃል አለኝ። ከእርሱ የተማርኩት ይህ ነው፤ በመሳፈሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ወይም ረዳቱ የአዳራሹን ካርታ ይዞ ለዚሁ ጉዳይ ይቀመጣል፣ ቦታና ጊዜውም በዕለቱ ፕሮግራም ላይ ይጻፋል። ሻንጣ ከመፍታት በፊት ወደዚያ የሄደ ሰው የሚፈልገውን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ያልተሳካለት ደግሞ በሁለተኛው ምሽት ይመለስ፤ በመጀመሪያው ምሽት ደክሟቸው ወደ ቡፌ የሄዱ፣ ሐሳባቸውን የቀየሩ፣ ዙር የለወጡ ሰዎች ተለይተው የሚታወቁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ አስተናጋጁ ስምህንና የምትጠጣውን ለምዷል፣ ጎረቤቶችህም መሄድህን እንደ ኩርፊያ ይቆጥሩታል።

የመጨረሻው ምሽት የራሱ ጠባይ አለው። ትልልቅ ሻንጣዎች ከእኩለ ሌሊት በፊት ከካቢኑ ደጃፍ መውጣት ስላለባቸው፣ የሁለተኛው ዙር ሰው ገበታ ላይ ሆኖ ስለ ሻንጣው ያስባል፤ የመጀመሪያው ዙር ሰው ግን በልቶ ተመልሶ ለማሸግ በቂ ጊዜ አለው። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ዘንግቼ ከእራት በፊት አሽጌ ሻንጣዬን አወጣሁ፤ ሠራተኞቹም ወዲያው ወሰዱት። ለእራት ስለባብስ ጫማዬ ከሻንጣው ጋር መሄዱን አወቅሁ፣ የቀረኝ የመዋኛ ገንዳው ነጠላ ጫማ ብቻ ነበር። በዚያ ምሽት፣ ይህን ሁሉ የምሰብከው ሰው፣ በሩ ከመከፈቱ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ በሰልፉ መጀመሪያ ላይ ቆምኩ፤ ሌሎቹ ሳያዩኝ ገብቼ እግሬን ከጠረጴዛው ጨርቅ ሥር ለመደበቅ።