የስድስት ሰዓት ልዩነት

«ልጄ፣ ፎልደሩ እምቢ አለኝ። የዛሬውን ካርታ በምን ላስረክብ?»

ሰኞ ጠዋት ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ የደወሉልኝ የካርታ ባለሙያችን ናቸው። በዕድሜ እናቴ ስለሚሆኑ እትዬ ነው የምላቸው። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን የምከታተለው እኔ ነበርኩ። የሁሉም ክፍል ፋይል ያለው አንድ የዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ነው። ሂሳብና አስተዳደር በዊንዶውስ፣ እሳቸው ደግሞ ለካርታ ሥራቸው በሚጠቀሙበት ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ይገቡበታል።

ዊንዶውሶቹ ሁሉ ይሠራሉ። የእሳቸው ብቻ «የሚያስፈልገው ቁልፍ የለም» እያለ ይመልሳል። እንዲህ ሲሆን ጣት የሚቀሰረው ወዲያው ወደ ሊኑክሱ ነው፤ እኔም ያንኑ አደረግሁ። ኬብል ቀየርኩ። የፋይል መጋሪያው በር የሆነው ፖርት 445 ክፍት መሆኑን አየሁ። ፎልደሩ የሚጋራበትን ደንብ፣ የኤስኤምቢውን ስሪት ከ3 ወደ 2 ዝቅ አድርጌ ሞከርኩ። ከዚያ ረስተውት ይሆናል ብዬ ፓስወርዳቸውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩባቸው። «አልረሳሁም እኮ!» ሲሉኝ አልሰማኋቸውም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

በኋላ የከርበሮስ ትኬቱን፣ ማለትም ሰርቨሩ ተጠቃሚውን የሚለይበትን ጊዜያዊ የይለፍ ማረጋገጫ፣ ትቼ በስምና በፓስወርድ ብቻ ሳገናኘው ፎልደሩ ተከፈተ። ስለዚህ ኔትወርኩም ፓስወርዱም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው ትኬቱ ላይ ነው። ትኬቱን በትእዛዝ መስመር ለብቻው ስጠይቅ የመጣልኝ መልስ አጭር ነበር፦ የሰዓት ልዩነቱ በዝቷል።

ቀና ብዬ የስክሪኑን ጥግ አየሁ፤ 4:20 ይላል። የእጅ ሰዓቴም 4:20። ጠዋቱን ሙሉ ሳላስተውለው የቀረሁት ለዚህ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ ነዋ!

«እትዬ፣ ሰዓቱን ነክተውታል?»

«አዎ፣ ዓርብ ማታ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ እያለ ስብሰባ አሳልፎብኝ ነበር፤ አስተካከልኩት።»

የከርበሮስ ትኬት ሰዓት ይታተምበታል፤ መንገድ ላይ የጠለፈው ሰው ቆይቶ እንዳይጠቀምበት። በዊንዶውስ ዶሜይን፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹና ተጠቃሚዎቹ ከአንድ ቦታ በሚተዳደሩበት መረብ፣ በተለመደው አሠራር የሚታለፈው ልዩነት 5 ደቂቃ ብቻ ነው። እሳቸው 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሰውታል። ዊንዶውሶቹ ሰዓታቸውን ከዶሜይኑ ሰርቨር ስለሚወስዱና ተራ ተጠቃሚ እንዲቀይረው ስለማይፈቅዱ ነገሩ አልነካቸውም።

ሰዓቱን ሦስትን ዘጠኝ ወደሚለው አቆጣጠር መልሼ መሄድ እችል ነበር። ግን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በሚቆጥርበት ሰዓት መሥራት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ማሽኑን ለእሳቸው ማስማማት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ከርበሮስ የሚያየው ዓለም አቀፉን ሰዓት እንጂ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን አይደለም። ስለዚህ ሰዓቱ ራሱን እንዲያስተካክል አድርጌ የሰዓት ቀጠናውን ብቻ ከአዲስ አበባ ወደ ቦነስ አይረስ ቀየርኩት። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ትቀድማለች፣ የአርጀንቲናዋ ከተማ በ3 ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ልዩነቱ ልክ 6 ነው። በዚህ ቀጠና ቀኑ እንኳ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ይህን ሳይ በጣም ደስ አለኝ።

ኮምፒውተሩን አጥፍተን ስናበራው 4:50 አለ፤ ፎልደሩም ተከፈተ።

«ይኸው፣ አልረሳሁም ብዬህ ነበር» አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ካርታው ከምሳ በፊት ወጣ።