ሕመሙ ሲጠፋ የዳነ የመሰለኝ መንጋጋ

የግራ የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ መጀመሪያ የጠዘጠዘኝ ትኩስ ሻይ ስጠጣ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሕመሙ ሌሊት ጋደም ስል ይብስብኝ ጀመርና፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጉንጬ ውስጥ ካልያዝኩ አላስተኛ ስላለኝ የውሃ ጠርሙስ ከራስጌዬ አይለይም ነበር። እናቴ ቅርንፉድ እንድነክስበት ነገረችኝ፤ ለጊዜው አደነዘዘልኝ።

አንድ ቀን ሕመሙ ድንገት ጠፋ፤ እኔም ዳንኩ ብዬ ሐኪም ቤት መሄዱን ተውኩት። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ለካስ ሕመሙ የጠፋው የጥርሱ ነርቭ ስለሞተ ኖሯል። ከሁለት ወር በኋላ ድዴ ላይ ብጉር የምታክል እብጠት ወጣች፤ ስጫናት ጨው ጨው የሚል መግል ታፈስ ነበር።

ሐኪሟ ራጅ አንስታ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ የጠቆረውን ቦታ አሳየችኝ፤ ኢንፌክሽኑ አጥንቱን መብላት ጀምሯል። የዋጥኩት አሞክሳሲሊን ለምን እንዳልፈወሰኝ ስጠይቃት፣ በሞተ ነርቭ ውስጥ ደም ስለማይዘዋወር መድኃኒቱ ከምንጩ እንደማይደርስ አስረዳችኝ። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ለአፍታ ነዝሮ የሚተወውን ጥርስ ማስሞላት ሊበቃው ይችላል፤ ሕመሙ ከቀዝቃዛው ወይም ከትኩሱ በኋላም ከቆየ፣ ያለ ምክንያት ከተነሳ፣ ወይም እንደ እኔ መግል ከቋጠረ ግን ምርጫው በአብዛኛው ሩት ካናል፣ ማለትም የታመመውን ወይም የሞተውን ነርቭ አውጥቶ የሥሩን ቦይ ማጽዳትና መሙላት፣ ወይም ማስነቀል ነው።

እኔ ሩት ካናሉን መረጥኩ፤ ሕክምናው በሁለት ቀጠሮ አለቀ። ሰው እንደሚያስፈራራው አልነበረም፤ ከማደንዘዣው መርፌ በቀር ያመመኝ ነገር ስላልነበረ፣ የከበደኝ አፍን ከፍቶ መቆየቱ ነው። ሐኪሟ በሁለቱ ሥሮች ውስጥ ያሉትን ሦስት ቦዮች ከመርፌ በቀጠኑ ሞረዶች እየጠረገች በበረኪና ዓይነት ፈሳሽ ታጥባቸው ነበር፤ ሽታው ልብስ የሚታጠብበት ክፍል የገባሁ አስመሰለኝ። በመጨረሻም ጉታ ፐርቻ በሚባል፣ ከዛፍ ሙጫ በሚገኝ ጎማ መሰል ነገር ሞልታ ዘጋቻቸው።

የተቦረቦረ መንጋጋ በቀላሉ ስለሚሰበር ቶሎ የጥርስ ሽፋን (ክራውን) እንዳስገባ አስጠንቅቃኝ ነበር። እኔ ግን ገንዘብ እስካጠራቅም ብዬ አቆየሁት፤ በሁለተኛው ወር ቆሎ ስቆረጥም አንድ ነገር ቀጭ አለና የጥርሴ ጥግ ምላሴ ላይ ወደቀ። ስብራቱ ከድዱ በላይ ስለነበር ጥርሱ ተረፈ፤ የሽፋኑ ልክ በዚያው ሳምንት ተወሰደልኝ፣ ገንዘቡንም ተበድሬ ከፈልኩ።