ለሥራ ስንላክ በምን እንደምንሄድ የሚወስነው ማን ነው?

በአሜሪካ ጦር ውስጥ የምናገለግል አማርኛ ተናጋሪዎች ጥቂት አይደለንም። አንዳንዶቻችን በልጅነት ከወላጆቻችን ጋር መጥተናል፣ ሌሎቻችን በዲቪ ገብተናል፣ አማርኛን ከሚፈለጉ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ ይመለምል በነበረው ማቭኒ በተባለው መርሐ ግብር ዩኒፎርም የለበሱም አሉ። የእኔ ሥራ የጉዞ ሒሳብ መመርመር ስለሆነ፣ የአገሬ ልጆች ደንቡ የሰጣቸውን ሳይጠይቁ ቀርተው ከኪሳቸው ሲከፍሉ በተደጋጋሚ አያለሁ። የሚጎዳቸው ቸልተኝነት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። አለቃ «በዚህ ሂድ» ሲል መልሶ መጠየቅ ድፍረት ይመስላቸዋል፤ እሺ ብለው ይነሣሉ፤ የጎደለውን የሚያውቁት ተመልሰው ሒሳብ ሲያወራርዱ ነው። ይህን የምጽፈው ጥያቄው ከመነሣት በፊት እንዲጠየቅ ነው።

ጉዳዩን የሚገዛው በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ጄ.ቲ.አር. የሚባለው የጋራ የጉዞ ደንብ ነው። ቀደም ሲል ዩኒፎርም ለባሾችና የመከላከያ ሲቪል ሠራተኞች የየራሳቸው ጥራዝ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2014 ጀምሮ ግን ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ደንብ ሆነዋል። የደንቡ መነሻ ሐሳብ፣ ተጓዡ በራሱ ገንዘብ ለራሱ ጉዳይ ሲሄድ የሚጠነቀቀውን ያህል ለመንግሥትም ገንዘብ እንዲጠነቀቅ ነው። ስለዚህ መጓጓዣ የሚመረጠው በመጀመሪያ ተልእኮውን በሰዓቱ ማድረስ የሚችል መሆኑ ታይቶ፣ ቀጥሎም ጠቅላላ ወጪው ተመዝኖ ነው። ጠቅላላ ወጪ ሲባል የቲኬቱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በመንገድ ላይ የሚከፈለው ውሎ አበል፣ ማደሪያው፣ ተጓዡ ከሥራው የሚርቅባቸው ሰዓታትና ከአውሮፕላን ጣቢያ እስከ ሥራው ቦታ ያለው የታክሲ ሒሳብ ሁሉ ይደመራል። የተጓዡ የግል ምቾት በዚህ ሚዛን ላይ አይቀመጥም፤ የአለቃው ፍላጎትም እንዲሁ። ወሳኙ ጉዞውን የሚፈቅደው ባለሥልጣን፣ በየክፍላችን ኤ.ኦ. የምንለው ኃላፊ ነው፤ እርሱም በደንቡ የታሰረ ነው።

ይህ ኃላፊ ወታደሩ በመንግሥት አውሮፕላን፣ በመንግሥት መኪና ወይም መንግሥት በገዛው ቲኬት እንዲሄድ ማዘዝ ይችላል። የግል መኪናን በተመለከተ ግን ሥልጣኑ መፍቀድ ላይ ያበቃል። ማንም የሠራዊት አባል ወይም ሲቪል ሠራተኛ ለመንግሥት ሥራ የገዛ መኪናውን እንዲያሽከረክር ሊገደድ አይችልም፤ የግል መኪና የሚጠቀመው ባለቤቱ ፈቃደኛ ሲሆን ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ይህን የምናውቅ አይመስለኝም።

አንድ የማውቀው ወጣት ወታደር ከቨርጂኒያ ወደ ሰሜን ካሮላይና ለሥልጠና ተላከ፤ መንገዱ በአንድ አቅጣጫ 300 ማይል ገደማ ነው። የጉዞ ትእዛዙ ላይ የተጻፈው በመንግሥት መኪና እንደሚሄድ ነበር፤ ሊነሣ ሲል ግን የቅርብ አለቃው «መኪና የለም፣ በራስህ መኪና ሂድ፣ ይከፈልሃል» አለው። ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2025 የግል መኪና ለመንግሥት የተሻለ ሆኖ ሲፈቀድ በማይል 70 ሳንቲም ይከፈል ነበር፤ የመንግሥት መኪና እያለ ወታደሩ በራሱ ምርጫ የግሉን ሲነዳ ግን 21 ሳንቲም ብቻ ነው። ትእዛዙ የመንግሥት መኪና ስለሚል ሒሳቡ በ21 ሳንቲም ተሠራ። ለ600 ማይል ደርሶ መልስ 420 ዶላር ሊያገኝ የሚገባው ሰው 126 ዶላር ደረሰው። የ294 ዶላር ልዩነት ለአንድ ጀማሪ ወታደር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ወደ አገር ቤት ለእናቱ የሚልከው ሊሆን ይችላል።

የጉዞ ትእዛዝ ጉዞው ካለቀ በኋላ ክፍያ ለመጨመር ወይም ለመቀነስ ተብሎ እንደ ልብ አይለወጥም፤ የሚታረመው ስሕተት እንደነበረበት ሲረጋገጥ ነው። ያ ልጅ የዳነው የተሽከርካሪ ስምሪት ክፍሉ በዚያ ቀን መኪና እንዳልነበረው የሚገልጽ ወረቀት ስለሰጠውና ፈቃጁም ኃላፊ ያንን ይዞ ስላረመለት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው በጉዞ ሒሳብ ላይ ፊደል በፊደል እውነት ነው። አለቃችሁ በግል መኪና እንድትሄዱ ሲጠይቃችሁ ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ «ትእዛዙ ላይ ይስተካከልልኝ፤ በዲ.ቲ.ኤስ. (በመከላከያ የኮምፒውተር የጉዞ ሥርዓት) ላይም ይታይ» ማለት አለመታዘዝ አይደለም። ኃላፊውንም ከኋላ ጣጣ ያድነዋል።

በራሳችን መኪና መሄድ የምንፈልግበት ጊዜም አለ። ለጊዜያዊ ተልእኮ ጉዞው ደርሶ መልስ 800 ማይል ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የግል መኪና ለመንግሥት የተሻለ ነው ተብሎ ያለ ዝርዝር የወጪ ንጽጽር ሊፈቀድ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ግን ንጽጽር ይሠራል፤ በአውሮፕላን ቢኬድ መንግሥት ይከፍለው የነበረው ተሰልቶ ያ ገንዘብ ጣሪያ ይሆናል። ለምሳሌ 700 ማይል የሚርቅ ቦታ አውሮፕላን እየተመቸ በመኪና ልሂድ ያለ ሰው፣ ነዳጁም በመንገድ ያደረበት ሆቴልም ከዚያ ጣሪያ በላይ ቢሆን ትርፉን የሚሸፍነው ራሱ ነው። ሌላው ወዳጆችን የሚያቀያይም ጉዳይ አብሮ መሄድ ነው። ሁለት ወታደሮች ለአንድ ሥልጠና በአንድ መኪና ቢሄዱ የማይል ክፍያው የመኪናውን ወጪ ለሸፈነው ለአንዱ ብቻ ነው፤ ተሳፋሪው ውሎ አበሉን ያገኛል፣ ማይሉን አይጠይቅም። ነዳጅ በጋራ ልትቀዱ ካሰባችሁ መጀመሪያ ተነጋገሩ።

በአውሮፕላን ስንሄድ ብዙ ቅሬታ የሚሰማው በቲኬት ዋጋ ላይ ነው። «እኔ በስልኬ በግማሽ ዋጋ አገኝ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። የመንግሥት ግዥ መሥሪያ ቤት የሆነው ጂ.ኤስ.ኤ. ከአየር መንገዶች ጋር በየሁለት ከተሞች መካከል የተዋዋለው ዋጋ አለ፤ ሲቲ ፔር ይባላል። ይህ ቲኬት ቀድሞ መግዛትን አይጠይቅም፣ ዝቅተኛ የቆይታ ጊዜ የለውም፣ ጉዞው ቢሰረዝም ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። የወታደር ጉዞ ከመነሻው በፊት በነበረው ማታ ሊለወጥ የሚችል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ የማይመለስ ርካሽ ቲኬት ርካሽ አይደለም። የውል በረራው ለተልእኮው በሰዓቱ የማያደርስ ከሆነ፣ ወይም ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ ያነሰ ዋጋ ከተገኘ ከውሉ መውጣት ይቻላል፤ ምክንያቱ ግን ይጻፋል። የአየር መንገድ የሽልማት ነጥብ የሆነውን ማይል ለማጠራቀም ብሎ አየር መንገድ መምረጥ አይፈቀድም፤ በተፈቀደው በረራ ላይ የተገኘው ማይል ግን የተጓዡ ነው። አየር መንገዱ ያለ ፈቃዳችሁ ከመቀመጫ ቢያስቀራችሁ የሚሰጠው ካሣ የመንግሥት ነው፤ በፈቃዳችሁ መቀመጫ ለቅቃችሁ ያገኛችሁትን ግን ሥራውን እስካላስተጓጎለ ድረስ መያዝ ትችላላችሁ።

ወደ አገር ቤት አቅጣጫ ለሥራ የሚላክ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠይቀኝ ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ከዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ጣቢያ ተነሥቶ አውሮፕላን ሳይለውጥ አዲስ አበባ የሚገባ በረራ እያለ ለምን አውሮፓ ላይ እንለዋወጣለን ይላሉ፤ ጥያቄው ይገባኛል፣ እኔም ያንን አውሮፕላን እወደዋለሁ። ፍላይ አሜሪካ የሚባለው ሕግ ግን በመንግሥት ገንዘብ የሚከፈል የአየር ጉዞ ከአሜሪካ አየር መንገዶች በአንዱ እንዲሆን ያስገድዳል። ምቾት፣ የቋንቋ መግባባት ወይም ያነሰ ዋጋ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። አሜሪካ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ያላት የክፍት ሰማይ ስምምነት ሌሎች የመንግሥት ተጓዦች በአውሮፓ አየር መንገዶች እንዲሄዱ የከፈተው በር፣ መከላከያ ለሚከፍለው ጉዞ አልተከፈተም። ሆኖም የአሜሪካ አየር መንገድ በኮድ ሼር ስምምነት በራሱ የበረራ ቁጥር የሸጠው ቲኬት፣ አውሮፕላኑ የሌላ አገር ቢሆንም ሕጉን ያሟላል፤ ስለዚህ ጉዞውን የሚያዘጋጀውን ወኪል መጀመሪያ ይህን ጠይቁት። ከዚህ ሌላ በአሜሪካ አየር መንገድ መሄድ ከአሜሪካ ውጭ የአውሮፕላን ለውጡን በሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሚጨምር፣ ጉዞውን ቢያንስ በ6 ሰዓት የሚያስረዝም፣ ወይም በመለዋወጫው ጣቢያ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያስጠብቅ ከሆነ የውጭ አየር መንገድ ሊፈቀድ ይችላል። ይህም ከጉዞው ሰነድ ጋር በጽሑፍ መያያዝ አለበት። በራሳችሁ ፈቃድና በራሳችሁ ገንዘብ ስትሄዱ ሕጉ አይመለከታችሁም፤ በፈለጋችሁት ብረሩ።

በደረስንበት ቦታ የምንይዘው መኪናም የራሱ ወሰን አለው። ኪራይ ሲፈቀድ መደበኛው ትንሹ ኮምፓክት መኪና ነው፤ በመከላከያ የኪራይ ውል ውስጥ መድን ስላለ አሜሪካ ውስጥ ተጨማሪ መድን ብትገዙ አይመለስላችሁም። በጊዜያዊ ተልእኮ ላይ በመንግሥት መኪና ከማደሪያ ወደ ምግብ ቤት፣ ወደ መድኃኒት ቤት፣ ወደ ፀጉር አስተካካይ፣ ወደ ጸሎት ቤትም መሄድ ይፈቀዳል። እሑድ ጠዋት በአቅራቢያው ያለ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ መስጊድ ብትሄዱበት ነውር የለውም። ሁለት ሰዓት ርቆ የሚኖር ዘመድ ክርስትና ጠርቷችሁ ብትሄዱበት ግን ጥፋት ነው።

ስለ ቋሚ ዝውውር ባጭሩ፦ በግል መኪና ሲኬድ ለየ350 ማይሉ አንድ የጉዞ ቀን ይሰጣል፣ ትራፊው 51 ማይልና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ቀን ይጨመራል፤ የማይሉ ክፍያ በ2025 21 ሳንቲም ነበር። ባሕር ማዶ ሲሆን በወታደራዊ በረራ እንድትሄዱ ታዛችሁ እያለና በረራው እየተገኘ የራሳችሁን ቲኬት ብትገዙ ምንም ላይመለስላችሁ ይችላል።

ከጉዞ በተመለሳችሁ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ሒሳባችሁን አቅርቡ፤ የማደሪያ ደረሰኝ በማንኛውም ዋጋ፣ ሌላው ወጪ 75 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደረሰኝ ይጠየቃል። ክፍያው ልክ አይደለም ብላችሁ ካመናችሁ ምክንያቱ ከነደንቡ አንቀጽ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የፋይናንስ ክፍሉ ቢከለክላችሁ የወታደሮች አቤቱታ ዶሃ ወደሚባለው የመከላከያ የይግባኝ መሥሪያ ቤት፣ የሲቪል ሠራተኞች ደግሞ ወደ ሲቪል የውል ይግባኝ ቦርድ ይሄዳል። ጥያቄው መብቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በ6 ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ ትእዛዙን፣ ማሻሻያውንና ከአለቃችሁ ጋር የተጻጻፋችሁትን እስከዚያ ድረስ አትጣሉ።