ዳቦውን የበላው አቡሽ አይደለም

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ሽንኩርት ስከትፍ ስብከት የሚታየኝ ሴት አይደለሁም። ሊጥ ሲቦካ መንግሥተ ሰማያት ትዝ የሚላቸው፣ ልብስ ሲያጥቡ ንስሐን የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ደስ ይላል። እኔ ግን ሊጡ ሲቦካ የማስበው መብራት ሳይሄድ ጋግሬ መጨረስን ነው። ድስትም ለእኔ ድስት ነው። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ነገር ፈልጌ አላገኘሁትም። የሰባት ዓመቷ ልጄ ዳቦ ሰርቃ ነው ያመጣችብኝ።

ጊዜው የ2016 ዓ.ም. ፍልሰታ ነው። ቤታችን ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። የታጠበ ልብስ የማይደርቅበት፣ ልጆች ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉበት ክረምት። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሐምሌና ነሐሴ የዓመቱን ሒሳብ የምንዘጋበት ጊዜ ስለሆነ ቤት የምገባው ሲመሽ ነው። ደግነቱ አማቴ ሁልጊዜ ፍልሰታን እኛ ጋ ነው የሚጾሙት። ከደብረ ብርሃን ሲመጡ የሚይዙት አይለወጥም። የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ አንድ ጃንጥላ።

ትልቋ ልጄ ሚጣ ሰኔ ላይ ሰባት ዓመት ሞላት። ሰንበት ትምህርት ቤት «ሰባት ዓመት የሞላው ይጾማል» ብለዋታል። እኔ እስከ አራት ሰዓት አልኳት። እሷ እስከ ዘጠኝ አለች፣ ቅዳሴ እስኪወጣ። ድርድሩ የደመወዝ ጭማሪ ይመስል ነበር። በመጨረሻ አማቴ ገብተው ስድስት ሰዓት ላይ አስማሙን። አቡሽ አራት ዓመቱ ነው። እሱ የሚጾመው ከእንቅልፉ እስኪነሳ ብቻ ነው።

ማታ ማታ አማቴ ለልጆቹ የቶማስን ታሪክ ይነግሯቸዋል። እመቤታችን ጥር 21 ቀን ዐርፋ፣ ነሐሴ 14 ተቀብራ፣ ነሐሴ 16 እንደተነሣች። ቶማስ ከሕንድ በደመና ሲመጣ መንገድ ላይ አግኝቷት ሰበኗን፣ የተገነዘችበትን ጨርቅ፣ እንደተቀበለ። ከዚያ ሐዋርያቱ «ቀበርናት» ሲሉት ምንም እንዳላየ ሆኖ «ሞት በጥር፣ በነሐሴ መቃብር» ማለቱን። አቡሽ የሚጠይቀው ስለ ደመናው ነው። በር አለው ወይ? ሚጣ ግን የመጀመሪያው ቀን ላይ «እያወቀ እንዳላወቀ ከሆነ ውሸት አይደለም?» አለች። አማቴ ትንሽ አሰቡና «የቅዱሳን ነገር እንዲህ በአንድ ማታ አያልቅም፤ ተኚ» አሏት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 3። ዝናብ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የረጠበ ጫማ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ለማታ ብዬ ሁለት ዳቦ ቁም ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ ነበር። ስፈታው አንዱ ተገምጧል። ጫፉ ላይ ትንንሽ የጥርስ ምልክት አለበት።

«አቡሽ!»

«እኔ አይደለሁም።»

«አትዋሽ።»

እሱ ካልሆነ ማን ይሆናል? ሌላው ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው። ጥግ ላይ አቆምኩት። ግድግዳውን እያየ አለቀሰ። ሚጣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ታጣጥፋለች። ነጠላ ማጣጠፍ ያን ያህል ጊዜ እንደማይወስድ ያኔ ማስተዋል ነበረብኝ።

ራት ከመቅረቡ በፊት ለጸሎት ቆምን። አቡሽ ገና በሳግ ነው። አባታችን ሆይ ስንል «በደላችንንም ይቅር በለን» የሚለው ጋ የሚጣ ድምፅ ጠፋ። አሜን እንዳልን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ዳቦውን የበላው አቡሽ አይደለም።»

አራት ሰዓት ላይ ነው፣ አያቷ ልብስ ሲያጥቡ። አንዴ ብቻ ነው የገመጠችው። ከዚያ መልሳ ጠቀለለችው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ወደ ወንድሟ ዞረችና «ይቅርታ አቡሽዬ» አለችው። አቡሽ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ «እሺ» አለ። ቀጥሎ «የተገመጠውን እኔ ልብላው?»

አማቴ «ተናገርሽው አይደል? በቃ። ነይ እጅሽን ታጠቢ» አሏት። ሱፍ ፍትፍቱ ቀረበ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ምንም አላሉም። ግን ልጁን ጥግ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ተንበርክኬ «አቡሽዬ፣ እኔም ይቅርታ። ሳላጣራ ነው የቀጣሁህ» አልኩት። ለእኔም «እሺ» አለኝ። ለሁለታችንም ያው አንድ «እሺ» ነው።

ነገሩ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። እንቅልፍ የነሣኝ ዳቦው ሳይሆን የእናቴ መሶብ ነው።

ታላቅ እኅት አለችኝ። እናታችን በ2014 ዓ.ም. ከማረፏ በፊት ስምንት ወር የታመመችው እሷ ቤት ነው። እኔ ገንዘብ እልካለሁ፣ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። እሷ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ሌሊት ትነሳለች። ሙት ዓመቱ አልፎ ዕቃ ስንከፋፈል መሶቡን እኔ ፈለግሁት። ልጅ ሆኜ እማዬ ክዳኑን ስታነሳ የሚወጣው የእንጀራ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። እኅቴ ግን አስቀድማ ወስዳዋለች። እኔም ዘመድ ጎረቤቱ በተቀመጠበት «ያስታመምሽበትን ዋጋ ተቀበልሽ» አልኳት።

ቤቱ ጭጭ አለ። እኅቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ የተገናኘነው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። አንገታችንን ሰበር አድርገን እናልፋለን።

ባለቤቴ «እኔ በእናንተ መሃል አልገባም» ብሎ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል። እኔ ለጓደኛ የምነግረው ታሪክ ስለ መሶቡ ነው። ለንስሐ አባቴም እንደዚያው። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ ሄጄ «አባ፣ እኅቴን ይቅር ማለት አቃተኝ» ብዬ ጀመርኩ። መሶቡን አነሳሁ። የእማዬን ነጭ ጋቢ አነሳሁ። በ2012 አውሳኋት፣ እስካሁን ያልመለሰችውን ስድስት የቡና ስኒ ሁሉ አነሳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እሷ ስትመጣ የሷን ከራሷ አፍ እሰማለሁ። አንቺ ያንቺን ንገሪኝ።»

አኮረፍኩ። እውነቴን ነው፣ እስከ ታክሲ ተራ ድረስ እየተነጫነጭኩ ነው የሄድኩት። ያልገባቸው መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ሌሊት ገባኝ። ዓመት ሙሉ የእኅቴን ኃጢአት ነበር የምናዘዘው። የራሴን ዳቦ ገምጬ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እሷን ጥግ አቁሜያታለሁ። ፍቅር በደልን አይቆጥርም ይላል ጳውሎስ። ለሒሳብ ሠራተኛ ከባድ ቃል ነው። እኔ ስኒ ሳይቀር መዝግቤያለሁ፤ በራሴ በኩል ያለው ገጽ ግን ባዶ ነው። ሒሳቡን እንዲህ አድርጎ የሚያቀርብልኝ ሰው ቢመጣ አልፈርምለትም።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሲል ሰው ሁሉ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዞሮ እጅ ይነሳል። እኔም ለማላውቃቸው ሴቶች እጅ ነሣሁ። ቀላል ነው። መሶቤን አልወሰዱብኝም። ስንት ዓመት የሰማሁት የማቴዎስ ወንጌል ትዝ ያለኝ ያኔ ነው፤ መባህን ስታቀርብ «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ሂድና ታረቅ የሚለው። ሁልጊዜ ገልብጬ ነበር የማነበው፣ እኔ በእሷ ላይ ያለኝን እያሰብኩ። ቃሉ የሚጠይቀው እሷ በእኔ ላይ ያላትን ነው።

ይህን ሁሉ ማወቅ ግን ስልክ አያስደውልም። ሰኞም ማክሰኞም አልደወልኩም። ለሥራ አሳበብኩ።

ሐሙስ ማታ ሚጣ ስልኬን ይዛ በረንዳ ላይ ታወራለች። ለአክስቷ ደውላ መጾሟን ትነግራታለች። ልጆቹ ከእሷ ጋር ተኳርፈው አያውቁም። ድንገት መጥታ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። «አክስቴ ልታናግርሽ ትፈልጋለች።»

«አቤት» አልኩ።

«አቤት» አለች እኅቴ። ዝም ተባባልን። «ልታናግሪኝ ትፈልጊያለሽ አለችኝ እኮ» አለች።

በጾም! ለሁለታችንም ዋሽታለች። ሚጣን በዓይኔ ገላመጥኳት። ከአማቴ ጀርባ ተደበቀች። ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን። ስለ ዝናቡ አወራን። «ልጅቱን እስከ ስንት ሰዓት ነው የምታስጾሚያት? እንዳትጎጃት» አለችኝ በታላቅ እኅት ድምፅ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይነድደኝ ነበር። «እስከ ስድስት» አልኳት። «እሑድ ለቡሄ ሙልሙል ይዤ እመጣለሁ» የሚለው ሳላስበው አመለጠኝ። «እንደወደድሽ» ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ ማታ አቡኩቼ አደርኩ። እሑድ ነሐሴ 12፣ የቡሄ ዋዜማ፣ እንደፈራሁት ግማሹን ሳልጋግር መብራት ሄደ። የቀረውን ሊጥ ጎረቤት ከሰል ምድጃ ላይ ወስጄ ጨረስኩ። ጥቂቶቹ አረሩ። አማቴ ሙልሙሉን ሲቆጥሩ ለልጆቹ ደብረ ታቦርን ይነግሯቸዋል። ብርሃኑ ሲወርድ እረኞቹ ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው ሜዳ ላይ እንደቆዩ፣ ወላጆቻቸው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው እንደወጡ። አቡሽ «ጅራፍ ነበራቸው?» አለ። ያላረሩትን መርጬ በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩና ልጆቼን አስከትዬ ወደ አየር ጤና ሄድኩ።

እኅቴ በሩን ከፍታ ልጆቹን አቀፈች። እኔን ጉንጭ ለጉንጭ ሳመችኝ፣ ሦስቴ፣ እንደ እንግዳ። ቡና አፈላች። የምታፈላው በእኔ ስኒ ነው። አየሁት፣ ዝም አልኩ።

ሁለተኛው ሲቀዳ «እትዬ፣ የዚያን ቀን የተናገርኩት...» አልኩ።

«የቱን?»

ታውቀዋለች። ግን አላቀለለችልኝም። ስለዚህ ቃል በቃል መድገም ነበረብኝ። በሰው ፊት ስናገረው አንድ ትንፋሽ የበቃው ነገር፣ ለብቻዋ ስደግመው አፌ ውስጥ አልዞር አለ። ጨረስኩት። «ስምንት ወር ሙሉ አንቺ ሌሊት ስትነሺ እኔ ተኝቼ ነበር። አፍሬ ነው መሰለኝ አንቺን የሰደብኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠች። «ሰምቻለሁ» አለች። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። የእኔ ልብ ቶሎ አይመለስም፣ ታውቂኛለሽ። ግን ሰምቻለሁ።» ከዚያ ከሙልሙሉ ቆርሳ «ጨው አንሶታል» አለች።

አቡሽን የሚያህል ሰው የለም። ለእሱ «እሺ» በቂ ነው። እኔና እሷ የአቡሽን ያህል አልታደልንም።

ስንወጣ መሶቡን አየሁት። ቁም ሳጥን ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እግሩን አይጥ በልቶታል። ዙሪያውን በአዲስ ስንደዶ ጀምራ ሰፍታዋለች፣ ግማሽ ድረስ። እጇ እንደ እማዬ አይደለም፣ ስፌቱ ጠማማ ነው። «በላዩ በልተንበት አናውቅም» አለች ሳልጠይቃት። «ክዳኑን ስከፍተው አልችልም።»

ነሐሴ 16፣ ሐሙስ፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ልጆቹን አስቆረብኩ። እኔ አልቆረብኩም። ከንስሐ አባቴ ጋር ገና ያላለቀ ነገር አለኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን የምንነጋገረው ስለ እኔ ነው። ስንመለስ ሚጣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታክሲው ውስጥ ድርቅ ብላ ተቀምጣለች። አታወራም፣ አትስቅም። አቡሽ ሊያስቃት ያላደረገው ነገር የለም።

ስልኬ ጠራ። እኅቴ ናት። ሚጣ ስሙን አይታ ስልኩን በሁለት እጇ አንስታ ሰጠችኝ። በነጠላው ውስጥ ሆና «አሁን እውነቷን ነው» አለች።

«የት ደረሳችሁ?»

«ታክሲ ውስጥ ነን።»

«ዶሮው ደርሷል። አማትሽንም ይዘሻቸው ነይ። መሶቡን ግን አላወርድም፣ ትሪ ላይ ነው የምንበላው።»