ከሐዲዱ በፊት ወንዙ፦ በሞዴል ባቡር ጠረጴዛዬ ላይ መልክዓ ምድርና ውኃ የሠራሁበት መንገድ

በሞዴል ባቡር ጠረጴዛዬ ላይ የመጀመሪያውን ወንዝ የሠራሁት ሐዲዱ ተነጥፎ፣ ድልድዩ ቆሞና ባቡሩ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነበር። ከድልድዩ ሥር የተረፈውን ጠፍጣፋ ቦታ ሰማያዊ ቀለም ቀባሁትና የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ደረብኩበት። ውጤቱ ከወንዝ ይልቅ የተዘረጋ ላስቲክ ይመስል ነበር። ጥፋቱ ከቀለሙ ይልቅ በቅደም ተከተሉ ላይ እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። በውኑ ዓለም ወንዙ ሸለቆውን የቆረጠው ባቡር ከመምጣቱ እጅግ ቀድሞ ሲሆን፣ መሐንዲሱ መስመሩን የሚያጠማዝዘውም ድልድዩን የሚሠራውም ውኃው በተወለት ቦታ ላይ ነው። የእኔ ወንዝ ግን ድልድዩን ተከትሎ የመጣ በመሆኑ፣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚወርድ የሚያስረዳ አንዳች ነገር በዙሪያው አልነበረም።

ስለዚህ 1 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ክፍል አፍርሼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። የምሠራው ኤች ኦ በሚባለው የ1፥87 መጠን ስለሆነ፣ በውኑ ዓለም 1 ሜትር የሆነ ነገር በጠረጴዛው ላይ 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ስሌት ከያዝኩ በኋላ ቀድሞ የሠራሁትን ሁሉ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። 6 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙት ትልልቅ የመሰሉኝ ዛፎች ከ5 ሜትር ብዙም የማያልፉ ነበሩ፤ 15 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ለማሳየት ግን 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። በወንዙ ዳርቻ እንደ አሸዋ የበተንኩት 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠጠር ደግሞ፣ ከጎኑ ለቆመው 2 ሴንቲ ሜትር ሰው ራሱን ሊያህል ጥቂት የቀረው ድንጋይ ነበር። አዲሱን ወንዝ 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሰጠሁት፤ ይህም ወደ 8 ሜትር የሚጠጋ መለስተኛ ወንዝ ማለት ነው።

መሬቱን የሠራሁት ሁለት ጠጣር የፎም ሰሌዳዎችን ደራርቤ በማጣበቅ ሲሆን፣ ይህም ሸለቆውን ከሐዲዱ ከፍታ በታች ለመቆፈር አስችሎኛል። ዳገቱን በቢላዋና በሞረድ ቀርጬ ካወጣሁ በኋላ በጄሶ የተነከረ ፋሻ አለበስኩት። ገደሎቹን በጎማ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ጄሶ እያፈሰስኩ ለየብቻ ሠርቼ ለጠፍኳቸው። ሦስቱን ከአንድ ቅርጽ ማውጫ ስላወጣኋቸው መንትያነታቸው በግልጽ ይታይ ነበር፤ አንዱን ገልብጬ፣ ሌላውን ሰብሬ መትከል ነበረብኝ። ቀለሙን በተመለከተ አንድ ወጥ ግራጫ መቀባት ድንጋዩን ይገድለዋል። እኔ በጣም የቀጠነ ቡናማና የአፈር ቢጫ ቀለም ነጠብጣብ እያደረግኩ ካስነካሁ በኋላ፣ እጅግ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ከላይ ለቀቅኩበት፤ ጥቁሩ በየስንጥቁ ገብቶ ሲቀመጥ ድንጋዩ ወዲያውኑ ጥልቀት አገኘ።

አፈሩ እውነተኛ አፈር ነው። አድርቄ በጥሩ ወንፊት ነፋሁትና፣ ከመበተኔ በፊት በላስቲክ የተጠቀለለ ማግኔት አሳለፍኩበት። ይህን ሥራ ማንም ባይዘለው እመክራለሁ፤ በአፈር ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ በሎኮሞቲቩ ሞተር ማግኔት ተስቦ ከገባ ሞተሩን ያበላሻል። የተበተነውን አፈር የሚይዘው በእኩል ውኃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ ነው። ኮላው ብቻውን ሲንጠባጠብ በአፈሩ ላይ ክብ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ አይሰርግም፤ አስቀድሞ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ወይም አልኮል የተቀላቀለበት ውኃ ሲረጭበት ግን ወዲያው ይጠጣዋል። አፈሩ በኮላ ከደረቀ በኋላ ይጠቁራልና፣ ቀለሙን መምረጥ ያለብን በቁራጭ ፎም ላይ ሞክረን ነው።

ወደ ውኃው ስመጣ ትልቁ ሥራ ውኃው ከመፍሰሱ በፊት የሚያልቅ መሆኑን ተረዳሁ። ወንዝ ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ሰው ሰማያዊ አይደለም፤ ጥልቀት በሌለው ቦታ የምናየው ከሥሩ ያለውን አሸዋና ድንጋይ ነው፣ ጥልቅ በሆነው ቦታ ደግሞ የጠቆረ አረንጓዴና ቡናማ ነው። ስለዚህ የወንዙን ወለል መካከል ወደ ጥቁር በሚያደላ አረንጓዴ ቀብቼ፣ ወደ ዳርቻው እያሳሳሁ ከአሸዋው ቀለም ጋር አዋሃድኩት። በዚህ ዘዴ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ውኃ የሰው ቁመት ያለው ይመስላል። ቀለሙን የቀባሁትም ጠረጴዛው ዘወትር በሚታይበት መብራት ሥር ነው፤ በቀን ብርሃን የተዋሃደው ቀለም በአምፖል ሲታይ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኖብኝ ያውቃል።

የመረጥኩት ፈሳሽ ከማጠንከሪያ ጋር ሲቀላቀል ጥርት ብሎ የሚጠጥር ኢፖክሲ ሬዚን ነበር። ሌላው ዓይነት፣ ፖሊስተር ሬዚን፣ ፎሙን ስለሚያቀልጠው በፎም ላይ ለሚሠራ ሰው አይሆንም። ሬዚን እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ራሱን ያስተካክላል፤ ጠረጴዛው ጥቂት ካዘነበለ አንዱ ዳር ጎርፍ፣ ሌላው ዳር ደረቅ ይሆናል። ውኃ ልክ በአራቱም አቅጣጫ አስቀምጬ እግሮቹን ካስተካከልኩ በኋላም፣ ቁልቁል የሚወርድ ወንዝ በአንድ ማፍሰስ እንደማይሠራ ግልጽ ስለነበር፣ ወንዙን በድንጋይ እርከን የተለያዩ ሁለት ገንዳዎች አድርጌ ከፈልኩት።

በመጀመሪያው ምሽት 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሬዚን በታችኛው ገንዳ አፍስሼ፣ እጅግ ረክቼ ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት ገንዳው ውስጥ የነበረው እንደ ላብ የቀጠነ ሽፋን ብቻ ነበር። ጎንበስ ብዬ በጠረጴዛው ሥር ስመለከት፣ ከድልድዩ ምሰሶ ጎን በመርፌ የተወጋች የምትመስል ቀዳዳ አግኝታ የወረደችው ሬዚን በሐዲድ መቀየሪያው ሞተር ላይ ተንጠባጥባ፣ ከሽቦዎቹ ጋር አንድ ላይ መስታወት ሆና ደርቃለች። ሞተሩ አልተረፈም። ቀጭኑ ኢፖክሲ ውኃ የማያልፍበትን ቀዳዳ ሁሉ ፈልጎ የሚያልፍ ይመስላል፤ ከዚያ ወዲህ ወለሉን ሁለት ጊዜ በወፍራም ኮላ ሳልደፍን፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ በፕላስተር ሳላሽግና ከሥር ጋዜጣ ሳላነጥፍ አፍስሼ አላውቅም።

ሁለተኛው ጥፋት ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። መመሪያው ሁለት እጅ ሬዚንና አንድ እጅ ማጠንከሪያ በይዘት እንዲለካ ይላል፤ እኔ ግን የበለጠ ትክክል የሆንኩ መስሎኝ በሚዛን መዘንኩት። ሁለቱ ፈሳሾች ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ ልኬቱ ተዛባና፣ የላይኛው ገንዳ ከሦስት ቀን በኋላም በጣት ሲነካ እንደ ማር ይይዝ ነበር። ገጹ ብቻ የሚያጣብቅ፣ ውስጡ ግን የጠጠረ በመሆኑ፣ በትክክል የተለካ ስስ ድርብ ከላይ በማፍሰስ ዳነ። አሁን ጓንት አድርጌ፣ መስኮት ከፍቼ፣ የዕቃውን ጎንና ታች እየፋቅኩ ቀስ ብዬ አዋህዳለሁ፤ ከዚያም ድብልቁን ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ገልብጬ እንደገና አማስላለሁ። የወጡትን የአየር ጠብታዎች ነበልባል ከሬዚኑ ገጽ ራቅ አድርጌ ከላዩ በፍጥነት በማሳለፍ አጠፋቸዋለሁ፤ ይህም ሣርና ዛፍ ገና ባልተተከለበት ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው።

ሣሩን ወደ ኋላ ማስቀረት ሌላም ምክንያት አለው። አስቀድሜ በተከልኩበት ዳርቻ ሬዚኑ በሣሩ ሥር ወደ ላይ ተስቦ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚሆን የረጠበ ጥቁር ክር ፈጠረ። አንዱን ወገን ፍቄ አስተካከልኩት። ሌላውን ግን ተውኩት፤ ጭቃማ ዳርቻ እንዲያውም እንዲህ ነው።

ጥቃቅን ሞገዶቹን የሠራሁት ሬዚኑ ከደረቀ በኋላ የሚያብረቀርቅ የአክሪሊክ ጄል በብሩሽ ጠብ ጠብ በማድረግ ነው። መጀመሪያ ያወጣኋቸው 3 ሚሊ ሜትር ሞገዶች ሲሰሉ 26 ሴንቲ ሜትር ስለሆኑ፣ ለሐይቅ እንጂ ለዚህ ወንዝ አይሆኑም ነበር፤ ጠፍጥፌ ዝቅ አደረግኳቸው። በእርከኑ ላይ ለሚወርደው ውኃ በላስቲክ ላይ ጥርት ያለ ሲሊኮን በቀጫጭን መስመር ዘርግቼ በእንጨት ስንጥር ጎተትኩት፤ ሲደርቅ እንደ መጋረጃ ተልጦ ወጣ፤ በድንጋዩ ላይ ሰቅዬም ከግርጌው በደረቅ ብሩሽ ጥቂት ነጭ አስነካሁት። ነጩን ማብዛት ፏፏቴውን የሳሙና አረፋ ያደርገዋል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ረጅሙን የመንገደኛ ፉርጎ በመስመሩ ላይ ሳሳልፍ፣ በመታጠፊያው ውስጠኛ ወገን የፉርጎው መካከል ከገደሉ ድንጋይ ጋር ተነካካና ከሐዲድ ወጣ። ይህን ሙከራ ማድረግ የነበረብኝ ድንጋዩ ከመለጠፉ በፊት ነበር። አራት ሚሊ ሜትር ያህል በቢላዋ ጠረብኩለት፤ ነጩን የጄሶ ጠባሳ በቡናማና በቀጠነ ጥቁር ቀለም ሸፈንኩት፤ ወደ ወንዙ የወረደውን ብናኝም በርጥብ ጨርቅ ከውኃው ገጽ ላይ አነሣሁት።