ከአዘዞ እስከ ቀበና፦ የጀርመን ቪዛ ሰነድ ይዞ መንገድ

ከጎንደር መናኸሪያ ለመሰደድ የሚነሳ ወጣት ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በምዕራብ በኩል ወደ መተማ ይወርዳል፤ ሌላው በባሕር ዳር አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይዘልቃል። በመጀመሪያው የሄዱ ልጆቻቸውን ድምፅ የሚጠብቁ ቤቶች በየሰፈሩ አሉ፤ ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት። እኔ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው። ሰነድ ይዤ ስመላለስበት አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ቪዛ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ኤምባሲ መስኮት ላይ ሳይሆን እዚሁ ጎንደር፣ ወረቀቱ ሲጻፍ ነው።

መጀመሪያ በሩን መለየት ያስፈልጋል። የሦስት ወሩ የሸንገን ቪዛ ለመኖር አያገለግልም፤ በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ኢትዮጵያ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ 15 ቀን የነበረው የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን ሆኗል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ለሥራ፣ ለትምህርትና ለቤተሰብ የሚያስፈልገው ‘ዲ’ የሚባለው ብሔራዊ ቪዛ ነው፤ ክፍያው 75 ዩሮ፣ ለልጅ ግማሹ። ከጎንደር የሚነሳው ሰው በብዛት የጤና ባለሙያ፣ ለማስተርስ የሚያመለክት ተመራቂ፣ ወይም ባል ወይም ሚስት ጀርመን ያለችበት ነው። ከጎንደር ወደ እስራኤል የሚሄዱት ጉዳይ ሕጉም ወረፋውም ሌላ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ጉዞው የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ነው። በመንግሥት ወጪ የተማረ ሰው ኮስት ሼሪንጉን፣ ማለትም የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳውን፣ ከፍሎ ካልጨረሰ በእጁ ያለው ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ ማስረጃ) ብቻ ነው፤ ዋናው ዲግሪ ተቀምጦበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ገቢዎች፣ ዕዳውን ከፍሎ የመጨረሻውን ደብዳቤ ማውጣት፣ ከዚያ ሬጅስትራር። ይህን ትቶ በቴምፖራሪ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ትኬቱን ከስሮ ይመለሳል። ዲግሪው ሲወጣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱንም አብሮ ማስወጣት፣ ከአንድ በላይ ማስወጣት። ለማስተርስ በዩኒ አሲስት፣ ለጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ማመልከቻ በሚቀበለው ድርጅት፣ በኩል የሚያመለክት ሰው ለመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ስለሚከፍል የተሟላ ፋይል ይዞ መግባቱ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚያቀልለው እሱን ስለሆነ። ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ የ12ኛ ክፍል ካርድ፣ ዲግሪ፣ ፓስፖርት። ‘ጸጋዬ’ የሚለው ስም በአንዱ በዋይና በኢ ያልቃል፣ በሌላው በአይና በኢ፣ በሦስተኛው በዋይ ብቻ። ‘ኃይለማርያም’ በአንዱ ተጣብቋል፣ በሌላው ሁለት ስም ሆኗል፤ ሁለት ሲሆን ደግሞ ‘ማርያም’ አባት መስላ ትቀመጣለች። ለእኛ አንድ ሰው ነው። በፊደል የሚመሳከር የውጭ ጽሕፈት ቤት ግን ሦስት ሰው ያያል። ፓስፖርት ገና ያላወጣ ሰው ዕድለኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ካርዱን ይዞ ስሙን ፊደል በፊደል እያሳየ ለፋይዳም ለፓስፖርትም ያንኑ ያስጽፍ። ጸሐፊው በቃል ሰምቶ እንዲጽፍ አይተው። ፓስፖርቱ የወጣበት ሰው ልዩነቱን ለማስታረቅ ፍርድ ቤት መሄድ ሊኖርበት ይችላል፤ ውሳኔውም ተተርጉሞ ከፋይሉ ጋር ይያያዛል።

ቅጹ ላይ ‘የቤተሰብ ስም’ የሚል ሳጥን ሲመጣ የራስን ፍልስፍና አለመጨመር ነው፤ በፓስፖርቱ በዚያ ሳጥን ያለውን እንዳለ መቅዳት። ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም የሌላቸው፣ ልጅም ከአባቱ የተለየ የሚመስለው፣ የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ይህን ያውቃል፤ ፋይሉን የሚቀበለው የጀርመን ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ላያውቅ ይችላል። ከማመልከቻው ጋር በሚያያዝ ደብዳቤ በሁለት መስመር ማስረዳት ጥሩ ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው የልደት ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ ያልፋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ሰው የሚደምረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1990 የተወለደ ልጅ በፈረንጁ ዲሴምበር 29 ቀን 1997 ነው፤ በአምስት ቀን የሚያንሰው ጎረቤቱ፣ ታኅሣሥ 25 የተወለደው፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1998 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ጳጉሜን 6 ሆና ስላለፈች መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ያኔ ድንበሩ በአንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 22 ራሱ ጃንዋሪ 1 ይሆናል። የልደት ምስክር ወረቀቱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስለሚጻፍ ሁለቱን ቀኖች ከመዝጋቢው ፊት ቆሞ ማመሳከር ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ አዋጅ የተጀመረው በ2008 ክረምት ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድን ሁላችን በኋላ የተመዘገብን ነን፤ ስህተት የሚገባውም በዚህ ነው።

የቀበሌው መዝገብ በሌላ ምክንያትም ይከብዳል። በተለይ በትዳርና በልጅ ጉዳይ፣ የጀርመን ኤምባሲ ማኅተሙን አይቶ ብቻ ላያምን ይችላል። የጀርመኑ ቢሮ ከጠየቀ በታመነ ጠበቃ በኩል ሰነዱ ከተሰጠበት ቦታ ድረስ ይጣራል፤ ይህም ወራት ይወስዳል። ቀበሌ ያለው ፋይልና በእጃችሁ ያለው ወረቀት አንድ ካልሆኑ የወራቱ ጥበቃ በእምቢታ ያልቃል። ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁ መዝገቡን አስገልጣችሁ እዩ፤ የጋብቻ ቀን፣ የምስክሮች ስም፣ የልጆች ቁጥር።

ከአዘዞው የአፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት፤ መንገዱም በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ቀጠሮ ያመልጣል። ለኤምባሲ ቀጠሮና ለቋንቋ ፈተና ቀን እኔ በመኪና አልመክርም፤ ሌላው ሌላው ቢገፋም ሁለቱ አይገፉም። ኦሪጅናል ሰነድ ደግሞ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ነው የሚያዘው።

አዲስ አበባ ላይ ያለው ሥራ ቅደም ተከተል ነው። ዲግሪ በመጀመሪያ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ውጭ ጉዳይ የሚያረጋግጠው ከፊቱ ያለውን መሥሪያ ቤት ፊርማና ማኅተም ስለሆነ በቀጥታ የሄደ ሰው ይመለሳል። ውክልናና የመሳሰለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎትን ያልፋል። ትርጉም ከኦሪጅናሉ ጋር ከተያያዘ በኋላ ስቴፕለሩን ለስካን ብሎ መንቀል አይገባም፤ በማያያዣው ላይ ያረፈው ማኅተም ይሰበርና ሰነዱ ይጠረጠራል። ገልብጦ ስካን ማድረግ ነው።

ነርሶች ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሚያዋጣቸው መንገድ እያለ በደላላ ወሬ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። የጎንደር የነርስ ዲግሪ ጀርመን ውስጥ በቀጥታ ሥራ አያስጀምርም፤ የሚሠሩበት ክፍለ ሀገር ባለሥልጣን ከጀርመኑ ሥልጠና ጋር አነጻጽሮ የጎደለውን የሚዘረዝር ውሳኔ ይሰጣል። ያንን ውሳኔና የአሠሪ ውል ይዞ ጉድለቱን እዚያው በሥልጠና ወይም በፈተና ለመሙላት የሚያስችል ቪዛ አለ። ለሙሉ ፈቃድ የሚጠየቀው የጀርመንኛ ደረጃ በአብዛኛው ቢ2 ነው፤ ደረጃዎቹ ከኤ1 ተነስተው በኤ2 እና በቢ1 አድርገው ወደ ላይ ይወጣሉ። አሠሪው የተፋጠነውን ሂደት ከመረጠ እዚያው ጀርመን 411 ዩሮ ይከፈላል፤ ያኔ የኤምባሲው ቀጠሮ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ውሳኔው ማመልከቻው ከተሟላ በኋላ በሌላ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል። ደላላ ‘ቀጠሮ እገዛልሃለሁ’ ሲል የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው። የፖሊስ የወንጀል ነፃ ማስረጃና የጤና ምርመራ ወረቀት ግን መጨረሻ ላይ ይውጡ፤ አብዛኛው ባለሥልጣን ከሦስት ወር ያለፈውን አይቀበልም።

ቋንቋውን ጎንደር ተቀምጦ መማር ይቻላል፤ ፈተናው ግን ስድስት ኪሎ ባለው ጎተ ኢንስቲትዩት ነው። ቢ1 አራት ክፍል አለው፦ ማንበብ፣ መስማት፣ መጻፍ፣ መናገር። እያንዳንዱ ከ100 በ60 ይታለፋል፤ የወደቀበትን ክፍል ብቻ ደግሞ መፈተን ይቻላል። ለትዳር ጓደኛ በአብዛኛው የሚጠየቀው ኤ1 ነው።

ገንዘቡ ላይ፣ ተማሪ የሚያሳየው ብሎክድ አካውንት፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት የተዘጋ ሒሳብ፣ ይህን ስጽፍ በወር 992፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። የሚጠየቀው ከጀርመን ስለሚወጣ በየጊዜው ይቀየራል፤ ከማስተላለፍ በፊት የዕለቱን ማየት ያስፈልጋል። ጀርመን ዘመድ ላለው ሰው፣ ዘመዱ በሚኖርበት ከተማ ባለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርቦ በ29 ዩሮ ወጪውን እሸፍናለሁ የሚል የኃላፊነት ግዴታ ሊፈርምለት ይችላል። ከዘመድ ተበድሮ ለሁለት ሳምንት አካውንት ማስሞላት ግን ከሁሉ የከፋ ምክር ነው፤ ድንገት የገባ ገንዘብ ከየት መጣ ተብሎ ይጠየቃል።

ኤምባሲው ቀበና ነው። ወረቀቱ 8:30 ካለ ጠዋት 2:30 ማለት ነው፤ በዚህ ብቻ ቀጠሮ ያመለጣቸው አሉ። ፎቶው 35 በ45 ሚሊ ሜትር፣ ሰነዱ ኦሪጅናልና ኮፒ፣ ኮፒዎቹ በኤምባሲው ዝርዝር ቅደም ተከተል። ጥያቄው አጭር ነው፦ ምን ልትሠራ፣ የት፣ ማን ይከፍላል። ከማመልከቻው ጋር የሚጋጭ መልስ ከወረቀት ጉድለት የባሰ ነው፤ ማመልከቻውን ደላላ የሞላለት ሰው እዚህ ነው የሚያዘው፣ ውስጡ ያለውን አያውቀውምና።

ቪዛው ተለጥፎ ፓስፖርቱ ሲመለስ ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት። ስም ፊደል በፊደል፣ የልደት ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን። ከሚጀምርበት ቀን በፊት የተቆረጠ ትኬት አየር ማረፊያ ላይ ያስመልሳል። ስህተት ካለ እዚያው ይነገር፤ ወደ ጎንደር ተመልሶ ለማስተካከል ሌላ ትኬት፣ ሌላ ቀጠሮ ይፈልጋል።